ሲራ ወይን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲራ ከባድ ቀይ ወይን ጠጅ ከሚጠመቅባቸው የወይን ዝርያዎች አንዱ ነው። ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ፣ ሽታው ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚል፣ ጣዕሙ አፍ ውስጥ ገብቶ ቶሎ የማይለቅ ነው። ጥያቄ የሚበዛበት ስሙ ሁለት ስለሆነና ጠባዩ እንደሚበቅልበት አገር ስለሚለዋወጥ ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲራ እና ሺራዝ ይለያያሉ?

አይለያዩም፤ አንድ ዝርያ ናቸው። ፈረንሳይ ሲራ ትለዋለች፣ አውስትራሊያ ሺራዝ፣ ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሁለቱንም ስም ትጠቀማለች። ቅጠሉም ዘለላውም ዘረመሉም አንድ ነው።

ይሁንና ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ስም ለገዢ የሚናገረው ነገር አለ። ከፈረንሳይ ውጭ ያለ አምራች «ሲራ» ብሎ ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ ቀለል ያለ፣ አሲዱ ጎላ ያለ፣ ቅመም ቅመም የሚል ወይን ሠርቻለሁ ማለቱ ነው። «ሺራዝ» ከተባለ ደግሞ ፍሬው በደንብ የበሰለ፣ አልኮሉ ከፍ ያለ፣ ወፈር ያለ ወይን ይጠብቁ። ይህን የሚያስገድድ ሕግ ግን የለም። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ የአልኮሉን መጠን ማየት ይሻላል፤ 12.5 ወይም 13 በመቶ ከሆነ ቀለል ያለው ዓይነት ነው፣ 14.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባዱ ነው።

የመጣው ከኢራኗ ሺራዝ ከተማ ነው ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ታሪኩ ግን የቆየ ነው። ጋስፓር ደ ስቴሪምበርግ የሚባል ባላባት በ1224 ከጦርነት ተመልሶ በፈረንሳይ ሮን ወንዝ ዳር ባለው ኮረብታ ላይ መነነ፣ ወይኑንም ከምሥራቅ ይዞ መጣ ይላል። ኮረብታው ኤርሚታዥ የተባለው በዚሁ ነው፤ የመናኝ መኖሪያ ማለት ነው። አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ የጸሎት ቤትም ዛሬ ድረስ አለች።

የዘረመል ምርመራው የሚናገረው ሌላ ነው። በ1998 በካሊፎርኒያ ዴቪስ ዩኒቨርሲቲ እና በፈረንሳይ ሞንፔሊዬ ያሉ ተመራማሪዎች የሲራን ወላጆች ለዩ። አባቱ ዱሬዛ የሚባል የአርዴሽ አካባቢ ጥቁር ወይን ነው፤ እናቱ ሞንደዝ ብላንሽ የምትባል የሳቯይ ነጭ ወይን ናት። ሁለቱም ከደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ርቀው የሄዱ አልነበሩም። ሲራ እንግዲህ የተወለደው እዚያው፣ በሰሜን ሮን አቅራቢያ ነው። ይህን የመሰለ ከባድ ጥቁር ወይን ከነጭ ወይን ማኅፀን መውጣቱ ከመናኙ ታሪክ የበለጠ የሚያስደንቅ ነው።

ፔቲት ሲራ የሚባለውስ?

ልጁ ነው። ፍራንሷ ዱሪፍ የተባለ የዕፅዋት ባለሙያ በ1880ዎቹ ያገኘው፣ ሲራ ፔሉርሳን ከሚባል ዝርያ ጋር ተዳቅሎ የተወለደ ዝርያ ነው። ትክክለኛ ስሙ ዱሪፍ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን ፔቲት ሲራ በሚለው ስም ይሸጣል። ከአባቱ የበለጠ ጥቁርና አፍ የሚያደርቅ ስለሆነ ሲራ መስሎት የገዛ ሰው ይደነግጣል።

ሲራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በመጀመሪያ በቀለሙ። ብርጭቆውን በነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል ያድርጉት። የወጣት ሲራ መሐሉ ጣትዎን አያሳይም፤ ጠርዙ ደግሞ ደማቅ ሐምራዊ ነው። ጠርዙ ወደ ጡብ ቀለም ከሄደ ወይኑ አርጅቷል፣ ወይም ሙቀት አግኝቶታል።

ቀጥሎ በመዓዛው። የጫካ እንጆሪ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቁር የወይራ ፍሬ፣ ጭስ፣ አንዳንዴም ቋንጣ ይሸታል። የቋንጣውን ሽታ የሰማ ሰው ወይኑ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፤ የሰሜን ሮን ሲራ የሚታወቅበት ሽታ ነው። የቫኒላና የቅርንፉድ ሽታ ካለው ግን ያ ከወይኑ ሳይሆን ከኦክ እንጨት ከተሠራው በርሜል የመጣ ነው።

በመጨረሻ በአፍ። ድድን ጨምድዶ የሚይዘው፣ ያልበሰለ ሙዝ ሲነክሱ የሚሰማው ዓይነት ነገር ታኒን ይባላል። የሲራ ታኒን ብዙ ነው፤ ነገር ግን ካበርኔ ሶቪኞ እንደሚባለው ሌላ ቀይ ወይን አይቧጥጥም፣ ለስለስ ይላል።

የቁንዶ በርበሬው ሽታ ቅመም ተጨምሮበት ነው?

ምንም አልተጨመረበትም። ሮተንዶን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ራሱ። በወይን ውስጥ መኖሩን የአውስትራሊያ የወይን ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት በ2008 ነው። በአንድ ሊትር ቀይ ወይን ውስጥ 16 ናኖግራም ብቻ ቢኖር ሰው ይሸተዋል፤ አንድ ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው። ከአምስት ሰው አንዱ ግን መጠኑ ብዙ እጥፍ ቢጨመርለትም አይሸተውም። ሁለት ሰዎች ከአንድ ጠርሙስ ጠጥተው አንዱ «ቁንዶ በርበሬ ነው» ሲል ሌላው «የታለ?» ቢል ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሮተንዶን ያለው በፍሬው ልጣጭ ላይ ነው፤ የሚበዛውም ቀዝቀዝ ባለ ቦታና ፍሬው ቀስ ብሎ በበሰለበት ዓመት ነው። ፀሐይ የመታው ዘለላ ላይ ያንሳል። የሞቃት አገር ሺራዝ ጃም ጃም የሚለው፣ የቀዝቃዛው አገር ሲራ ቅመም ቅመም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርጡ የሚበቅለው የት ነው?

ምንጩ ሰሜን ሮን ነው። የታወቁት የወይን ቦታዎቹ ኮት ሮቲ፣ ኤርሚታዥ፣ ኮርናስ፣ ሳን ዦዜፍ እና ክሮዝ ኤርሚታዥ ናቸው። ኮርናስ ሲራ ብቻ ነው። ኮት ሮቲ ላይ ቪዮኒዬ የሚባለውን ነጭ ወይን እስከ 20 በመቶ አብሮ ማፍላት ይፈቀዳል፤ አብዛኛው አምራች ግን ከጥቂት በመቶ አያሳልፍም። ነጭ ፍሬ ጥቁሩን ያቀጥነዋል ብሎ የሚያስብ ይኖራል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ አብሮ ሲፈላ ቀለሙን ያጸናዋል፣ መዓዛውንም ያነሣዋል።

ኤርሚታዥ ወደ 140 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። ወደ ደቡብ የዞረ፣ በከፊል ግራናይት የሆነ ቁልቁለት ነው። ትራክተር ስለማይወጣው ሥራው በእጅ ነው፣ እያንዳንዱ ሐረግም ለብቻው በእንጨት ይደገፋል። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ያለችው የወይን አገር የቦርዶ ነጋዴዎች ደካማ ዓመት ሲገጥማቸው ወይናቸውን ለማጠንከር የኤርሚታዥ ወይን ይቀላቅሉበት ነበር። ይህን ሲያደርጉም አይደብቁም፤ እንዲያውም ተቀላቅሎበታል ሲባል ዋጋው ይጨምር ነበር።

ሁለተኛው አገሩ አውስትራሊያ ነው። ጄምስ ባዝቢ የተባለ የአውስትራሊያ ሰፋሪ በ1831 ከፈረንሳይና ከስፔን የወይን ቁራጮች ሰብስቦ በ1832 ሲድኒ አደረሳቸው፤ ሲራ ከነዚያ መካከል ነበረ። ባሮሳ ሸለቆ ውስጥ በ1843 እና በ1847 እንደተተከሉ የሚነገርላቸው የሺራዝ ሐረጎች ዛሬም ያፈራሉ። አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያረጀ ሲራ ማግኘት ከባድ ነው፤ ፊሎክሴራ የምትባል ሥር መጣጭ ተባይ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የፈረንሳይን ወይን ጨርሳዋለች። ባሮሳ የሚገኝበት የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት ግን በጥብቅ የኳራንታይን ቁጥጥር እስካሁን አላስገባቻትም። ስለዚህ የዓለም ጥንታዊ የሲራ ሐረግ ካልተቋረጠ ሥሩ ጋር ያለው በትውልድ አገሩ ሳይሆን በስደት አገሩ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ለሺራዝ ክብር ያመጣው የፔንፎልድስ ኩባንያ ጠማቂ ማክስ ሹበርት በ1951 የጀመረው ግሬንጅ የተባለ ወይን ነው። ቀማሾች አልወደዱትም፤ በ1957 እንዲያቆም ታዘዘ። እሱ ግን እስከ 1959 በድብቅ መጥመቁን ቀጠለ። ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ ጊዜ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን የታየው በኋላ ነው፣ ትእዛዙም ተነሣ። ከሲራ ጋር ትዕግሥት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይበቅላል?

አዎ። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ዝዋይ፣ በዛሬ ስሟ ባቱ፣ ከ2007 ጀምሮ ሲራ፣ መርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞ እና ሻርዶኔ አስተከለ። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት የእርሻው ዙሪያ በቦይ ተከቧል። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በሪፍት ቫሊ ስም ለገበያ የቀረቡት በ2014 ነው። ቦታው ከምድር ወገብ ብዙም ባይርቅም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ይበልጣል፤ ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ሲራ የሚፈልገውም ይህንን ነው፤ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ፍሬው አሲዱን ይጥላል።

ጓሮዬ ውስጥ መትከል ብፈልግስ?

እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ ከ30 እስከ 40 ሳንቲሜትር የሚረዝም፣ 4 ዓይን ያለው ጤነኛ ቁራጭ ይምረጡ። ሁለቱን ዓይን አፈር ውስጥ ይቅበሩ፤ አገላብጠው እንዳይተክሉት የታችኛውን ጫፍ ቀጥ፣ የላይኛውን ሰያፍ አድርገው ይቁረጡ። ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር አይስማማውም። ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ደግሞ ቅጠሉ ይቢጫል፣ የቅጠሉ ደም ሥር ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ይህ የብረት እጥረት ነው፤ ሲራ ከብዙ ዝርያዎች ይልቅ ይህ ያጠቃዋል።

ቅርንጫፉ ረጅምና ተሰባሪ ነው። ነፋስ ከመታው ከመነሻው ይገነጠላል። ስለዚህ 2 ሜትር በሚደርስ ቋሚ እንጨት ወይም በሽቦ ላይ ገና ለጋ ሳለ፣ በየ30 ሳንቲሜትሩ እሰሩት። የመጀመሪያውን ዓመት አበባ ያርግፉ፤ ደህና ምርት የሚሰጠው በ3ኛው ዓመት ነው።

ዋናው ነገር ግርዘቱ፣ ማለትም ቅርንጫፉን በመቀስ መቁረጡ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ወይኑን የሚያስተኛው ክረምቱ ነው፤ እኛ ጋ ሐረጉ አይተኛም፣ ዑደቱን የሚወስነው መቀሱ ነው። ከግርዘት እስከ ለቀማ ከ4 ወር ተኩል እስከ 5 ወር ተኩል ይፈጃል። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ ቢገርዙት ፍሬው የሚበስለው በደረቁ ወቅት፣ የካቲት አካባቢ ነው። ሰኔ ላይ እንዲበስል ያደረገ ሰው ዘለላውን ለሻጋታ ሰጠው ማለት ነው።

መቼ ልልቀመው? ፍሬው መጨማደድ ጀመረ።

ሲራ በመጨረሻ ላይ የሚያመጣው አመል ይህ ነው። ከአበባው ወደ 90 ቀን ገደማ ካለፈው በኋላ ውኃ ወደ ፍሬው መግባቱን ይቀንሳል፣ ፍሬውም እየጠወለገ ይሄዳል። ስኳር መለኪያው ከፍ ስላለ ብቻ «እየበሰለ ነው» ብለው አይዘናጉ። በየ3 ቀኑ ከተለያዩ ዘለላዎች 100 ፍሬ ለቅመው ይመዝኑ። ስኳሩ እየጨመረ ክብደቱ እየቀነሰ ከሆነ ፍሬው መብሰሉን ጨርሶ መድረቅ ጀምሯል። ስኳሩ 24 ብሪክስ (የጭማቂው 24 በመቶ ገደማ) አካባቢ ሲደርስ፣ ዘሩም ቡናማ ሆኖ ሲነከስ ቀጭ ካለ ይልቀሙት። አንድ ሳምንት መዘግየት ቁንዶ በርበሬውን ወደ ዘቢብ ይለውጠዋል።

ቤት ውስጥ እንዴት ይጠመቃል?

ለ50 ኪሎ ፍሬ የሚሆነውን እንናገር፤ ከዚህ ከ32 እስከ 35 ሊትር ወይን ይወጣል።

ፍሬውን ከዘለላው አንጓ ያላቁ፣ ልጣጩ እንዲፈነዳ ይጭመቁ እንጂ ዘሩን አይሰባብሩ፤ የተሰበረ ዘር ወይኑን መራራ ያደርገዋል። ድፍድፉን ለምግብ በተፈቀደ ከ60 እስከ 70 ሊትር በሚይዝ ዕቃ ውስጥ ይጨምሩ። ዕቃው ሞልቶ መተው የለበትም፤ ሲፈላ ልጣጩ ወደ ላይ ይነሣና ይገነፍላል። 4 ግራም ፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት (ጀርሞችን የሚገታ የወይን ማቆያ ዱቄት) በትንሽ ውኃ በጥብጠው ይቀላቅሉና እስከ ማግስቱ ይተዉት። ከዚያ 12 ግራም የወይን እርሾ በ120 ሚሊ ሊትር፣ 38 ዲግሪ በሚሆን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ 20 ደቂቃ አርሰው ይጨምሩ። የዳቦ እርሾ አይሆንም፤ አልኮሉ ከፍ ሲል ያቆማል፣ ሽታም ያመጣል።

መፍላት ሲጀምር ላይ የተነሣውን ልጣጭ በቀን 3 ጊዜ ወደ ታች ይድፈቁ። ይህን ያልሠራ ሰው ሁለት ነገር ያጣል፤ ቀለሙ አይወጣለትም፣ ላዩ ላይ ደግሞ ኮምጣጤ ይጀምራል። ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይሁን። ከ35 ካለፈ እርሾው ሊሞት ይችላል፤ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ሰፋ ያለ ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡት። ክፍሉ አየር የሚገባው ይሁን፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባድ ስለሆነ ዝግ ክፍል ወለል ላይ ይጠራቀምና ሰው ይገድላል።

ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ጣፋጭነቱ ይጠፋል። ጨምቀው ያጥልሉት፣ ከ2 ቀን በኋላ ከወፍራሙ አተላ ላይ ወደ ንጹሕ ዕቃ ያንቆርቁሩት፣ አየር የሚያስወጣ እንጂ የማያስገባ ክዳን ይግጠሙለት። እስከ አፉ ድረስ ይሞላ፤ ባዶ ቦታ ለኮምጣጤ ቤት መሥራት ነው። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባክቴሪያ ስል የሆነውን አሲድ ያለሰልሰዋል። ያ ሲያልቅ 3 ግራም ሜታባይሰልፋይት ይጨምሩ። ቀድመው ከጨመሩት ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ሳይጨርሱ ያቆማሉ፤ ፍላቱ በኋላ ጠርሙስ ውስጥ ሊነሣና ቡሹን ሊፈነቅል ይችላል። ወደ ጠርሙስ የሚገባው ከ8 እስከ 12 ወር ቆይቶ ነው። በጉሽነቱ መጠጣት የሚቻል ነው፤ ግን ሲራ ማለት ያ አይደለም።

የተበላሸ እንቁላል ሸተተኝ። ልድፋው?

አይድፉት። ሲራ አየር ሲያጥረው ከብዙ ዝርያዎች ቀድሞ ይህን ሽታ ያወጣል። እየፈላ ከሆነ እርሾው ናይትሮጅን አጥቷል ማለት ነው፤ የእርሾ ምግብ ይስጡት፣ ልጣጩን መድፈቁንም ያብዙ። ፍላቱ ካለቀ በኋላ ከሆነ ከፍ አድርገው እያንዶቀዶቁ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡት። በቶሎ ካልተደረገ ሽታው ወደ ሽንኩርትና ላስቲክ ይለወጣል፣ ያን ጊዜ ማስለቀቁ ከባድ ነው። የተገዛ ጠርሙስ ሲከፈት ከሆነ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገልብጠው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይለቀዋል።

በምን ያህል ሙቀት ይጠጣ?

ከባዱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ፣ ቀለል ያለው ከ14 እስከ 16። «ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም» የሚለው አባባል የመጣው ቤታቸው ቀዝቃዛ ከነበረ ሰዎች ነው። ዱባይ ወይም አዳማ ውስጥ 27 ዲግሪ ላይ የተቀዳ ሺራዝ አልኮል አልኮል ብቻ ይላል። ከመክፈትዎ በፊት እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት። ፍሪጅ ውስጥ የከረመ ከሆነ ደግሞ 45 ደቂቃ ቀድመው ያውጡት፤ ሲቀዘቅዝ ታኒኑ ይመርራል።

ከየትኛው ምግባችን ጋር ይሄዳል?

የበግ ጥብስ በጥብስ ቅጠል። ከዚህ የሚበልጥ አላውቅለትም። የጥብስ ቅጠሉ ሽታ ከሲራ ሽታ ጋር ዘመድ ነው፣ ስቡና ጨዉ ደግሞ ታኒኑን ያለሰልሱታል። የተጠበሰ ጎድን፣ ጎመን በሥጋ፣ ለስለስ ያለ ክትፎም ይስማሙታል። በጾም ቀን የእንጉዳይ ጥብስ አለ።

ቃጠሎ ያለው ምግብ ላይ ይጠንቀቁ። በርበሬው ጠንከር ያለ ዶሮ ወጥ ወይም ሚጥሚጣ የበዛበት ክትፎ ከ15 በመቶ ሺራዝ ጋር ሲገናኝ አልኮሉ ቃጠሎውን ያባብሰዋል፣ ወይኑም መራራ ይሆናል። ከፈለጉ 13 በመቶ የሆነውን መርጠው ቀዝቀዝ ያድርጉት። አይብ ብቻውን አይሆነውም፤ ለሱ ጠንካራው፣ የቆየው ፎርማጆ ይሻላል።

ሲመረኝ በለስላሳ ብቀላቅለውስ?

የሚከለክልዎ የለም፤ ግን የከፈሉበትን ነገር ያጡታል። ስኳሩ ቁንዶ በርበሬውንም ወይራውንም ይሸፍነዋል። ሲራ ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል የተለወጠ ደረቅ ወይን ነው። ጣፋጭ ከወደዱ በዋጋው ረከስ የሚለውን መካከለኛ ጣፋጭ ቀይ ወይን ይግዙና ሲራውን ለጥብሱ ቀን ያቆዩት።

ስንት ጊዜ ይቆያል?

የተከፈተ፣ ቡሹ ተመልሶ ፍሪጅ ከገባ ከ3 እስከ 5 ቀን። ያልተከፈተው እንደ ደረጃው ነው፤ በርካሽ የሚሸጠው በ3 እና 4 ዓመት ውስጥ መጠጣት አለበት፣ ጥሩ ኤርሚታዥ ግን 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ባለ ቡሽ ጠርሙስ ይጋደም፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን፤ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። የፍሪጅ አናት ላይ መደርደር ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሙቀትም ንዝረትም ብርሃንም በአንድ ላይ ያገኘዋል።

ታች የዘቀጠው ጥቁር ነገር ይጎዳል?

አይጎዳም፤ ቀለምና ታኒን ተያይዘው ያረፉበት ዝቃጭ ነው። ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት ያቁሙት፣ ከዚያ አንገቱን ብርሃን ላይ እያዩ ቀስ ብለው ያንቆርቁሩ፤ ጥቁሩ አንገቱ ጋ ሲደርስ ያቁሙ። ያረጀውን ወዲያው ይቅዱት፤ አየር ላይ 2 ሰዓት ማቆየት የሚጠቅመው ወጣቱን ነው።